ጆሮ ያለውና ጆሮ አለኝ ባዩ

በሙዚቃ ማጫወቻ መሣሪያ ፍቅር የተያዙ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ሙዚቃው ብቻውን አይበቃም፤ ሙዚቃውን የሚያሰማው መሣሪያ ራሱ የምርምር፣ የክርክርና የወጪ ጉዳይ ነው። አንዱ አምፕሊፋየር ከሌላው ይልቅ «ለስላሳ» መሆኑን፣ አንዱ ገመድ ከሌላው ይልቅ «ጥልቀት» መስጠቱን ይናገራሉ። ከመካከላቸው ሌላው ሰው የማይለየውን በእርግጥ የሚለዩ አሉ። ያልሰሙትን ሰማን የሚሉም አሉ። ከሁሉም የሚበዙት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ሰማን ሲሉ የማይዋሹ፣ ነገር ግን የሰሙት ከመሣሪያው ይምጣ ከዋጋው ለይተው የማያውቁ ናቸው።

እኛ መሐንዲሶች ይህን ክርክር ከሩቅ እየተመለከትን መሳቅ ይቀናናል። ሳቁ ግን ሁልጊዜ ተገቢ አይደለም። ሃይ ፋይ በመባል የሚታወቀውን የጥሩ ድምፅ ጥበብ ታሪክ የመረመረ ሰው፣ ጆሮ ከመለኪያ ቀድሞ እውነቱን የተናገረበትን ጊዜ ያገኛል፤ መለኪያ በእጁ ይዞ ያልገባውን እንደ ገባው አድርጎ የተናገረ ባለሙያም ያገኛል። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው ማየት ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍን የፈለሰፈው በ1877 ነው። በ1912 ደግሞ ዳይመንድ ዲስክ የተባለውን ጠፍጣፋ ሸክላ ከነማጫወቻው ለገበያ አቀረበ። መርፌው ከአልማዝ የተሠራ፣ ሸክላውም ወፍራም ነበር፤ ዋጋውም እንደዚያው ከበድ ያለ ስለ ነበረ ገዢውን ማሳመኛ መንገድ አስፈለገ። ከ1915 እስከ 1925 ባሉት ዓመታት ኩባንያው በአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች «የቃና ፈተና» የተባለ ትርዒት እየዞረ አሳየ። አንዲት ዘፋኝ በመድረክ ላይ ከማጫወቻው አጠገብ ትቆማለች፤ ከሸክላው ጋር አብራ ትዘፍናለች፤ መሐል ላይ ከንፈሯን ስትገጥም ሸክላው ብቻውን ይቀጥላል። አንዳንድ ጊዜም መብራቱ ይጠፋና ተመልሶ ሲበራ ዘፋኟ ከመድረኩ የለችም። ጋዜጦች አድማጩ ሰውን ከመሣሪያ መለየት እንዳቃተው ጻፉ።

የዚያን ዘመን ማጫወቻ ዛሬ ለሚሰማ ሰው ይህን ማመን ያዳግተዋል። ቀረጻው የሚካሄደው ያለ ኤሌክትሪክ፣ ዘፋኙ በቀንድ መሰል ትልቅ ቱቦ ውስጥ ድምፁን እያሰማ ስለ ነበረ፣ የሰው ጆሮ ከሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ሄርትዝ ከሚደርሰው ስፋት ውስጥ የመሐሉን ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር የሚይዘው። ታዲያ አድማጩ እንዴት ተታለለ? በትርዒቱ ከታወቁት ዘፋኞች አንዷ የሆነችው አና ኬዝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ምስጢሩን ገልጣዋለች። ድምፅዋን የማጫወቻውን ድምፅ እንዲመስል አድርጋ ትዘፍን ኖሯል። በዚህ ላይ አድማጩ ወደ አዳራሹ የገባው ልዩነት እንደሌለ አስቀድሞ ተነግሮት ነው።

ይህን ሁሉ የሚመራው ኤዲሰን ራሱ ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ የደከመ ሰው ነበር። ማጫወቻውን ለመስማት እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ንዝረቱን በአጥንቱ ይቀበል ነበር። እንዲያም ሆኖ የትኛው ዘፋኝ ይቀረጽ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ውሳኔ ለሌላ አይተውም ነበር። ኩባንያው በ1929 የሸክላ ሥራውን አቆመ።

በ1925 ቀረጻ በማይክሮፎንና በአምፕሊፋየር መሠራት ከጀመረ በኋላ ጉዳዩ ወደ መሐንዲሶች እጅ ገባ። ከብዙዎቹ ሥራዎች ሁለቱን ብቻ እጠቅሳለሁ። የመጀመሪያው የሃሮልድ ብላክ ነው። ይህ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ በነሐሴ 1927 ጠዋት በጀልባ ወደ ኒው ዮርክ ሲሻገር፣ ከአምፕሊፋየር የሚወጣውን ድምፅ ከፊሉን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ መዛባቱን እንደሚቀንስ ታየው፤ ሌላ ወረቀት ስላልነበረው ሥዕሉንና ቀመሩን በያዘው ጋዜጣ ገጽ ላይ ነደፈው። ኔጋቲቭ ፊድባክ የምንለው ይህ ነው። የፈጠራ መብቱን ለማግኘት ግን እስከ 1937 መጠበቅ ነበረበት፤ የመብት ሰጪው መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ነገሩ ይሠራል ብለው አላመኑም ነበርና።

ሁለተኛው ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን በ1933 ያወጡት የጆሮ ጥናት ነው። ጆሮ ለሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል ንቁ እንዳልሆነ፣ በተለይም ወፍራሙን ድምፅ በዝቅተኛ መጠን ሲሰማ እጅግ እንደሚደክም በኩርባ አሳዩ። የዚህ ውጤት በሃይ ፋይ መደብር ውስጥ በየቀኑ ይታያል። ሁለት መሣሪያዎች በድምፅ መጠን በጥቂቱ ከተለያዩ፣ አድማጩ አንዱ ከፍ ማለቱን ሳያስተውል «ይኸኛው ይሞላል፤ ይጠራል» ይላል። መጠኑን በሜትር ሳያስተካክሉ ሁለት መሣሪያዎችን ማወዳደር ሁለት ነጋዴዎችን በተለያየ ሚዛን እንደ መመዘን ነው። ሻጮች ይህን ጥናቱን ሳያነቡ ያውቁታል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው ዘመን፣ ለእኔ፣ የዚህ ታሪክ ምርጥ ምዕራፍ ነው። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሊክ በ1945 መዛባቱ ከመቶ 0.1 ብቻ የሆነ አምፕሊፋየር አወጣ፤ ስሙንም በዚሁ ቁጥር «ፖይንት ዋን» አለው። በ1947 ዲ. ቲ. ኤን. ዊልያምሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ተመሳሳይ ጥራት ያለውን የራሱን ንድፍ «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው መጽሔት ሙሉ ዝርዝሩን አሳተመ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ አማተሮች በየጓዳቸው ካውያቸውን አግለው ይህን አምፕሊፋየር መሥራት ጀመሩ። የንድፉ ጭንቅ የመውጫው ትራንስፎርመር ነበር፤ ጥምጥሙ በንብርብር ተከፋፍሎ በጥንቃቄ ካልተጠቀለለ አምፕሊፋየሩ ከሙዚቃ ይልቅ ጩኸት ይሰጣል። በዚህ የተፈተነ አማተር ከባለሙያው የሚለየው በደመወዙ ብቻ ነበር። አዋቂ መስሎ መታየት በዚያ ዘመን አስቸጋሪ የነበረውም ለዚህ ይመስለኛል፤ የሠራኸው ወይ ይሰማል ወይ አይሰማም። በኋላ ዴቪድ ሃፍለርን የመሳሰሉ ሰዎች ተገጣጣሚ ዕቃ በሳጥን እየሸጡ ይህንኑ ልማድ አስፋፉት።

ጊልበርት ብሪግስ የኤዲሰንን ትርዒት በሌላ መንፈስ ደገመው። በዮርክሽር ዋርፍዴል የተባለውን የስፒከር ፋብሪካ በ1932 የመሠረተው ይህ ሰው፣ በ1954 ከኳድ ኩባንያው ፒተር ዎከር ጋር በለንደን ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ በሕዝብ ፊት ሕያው ሙዚቀኞችንና ቀረጻቸውን ጎን ለጎን አሰማ። በአሜሪካም ኤድጋር ቪልቹር ያቋቋመው አኩስቲክ ሪሰርች በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ፋይን አርትስ ኳርቴት ከተባለው የአውታር ሙዚቃ ጓድ ጋር እንዲሁ አደረገ፤ ሙዚቀኞቹ መግጫቸውን ከአውታሩ ሳያነሱ በስፒከር ይተኩ ነበር። ቪልቹር በ1954 ስፒከርን በአየር በታሸገ ትንሽ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ቁም ሣጥን የሚያህሉት ብቻ ያሰሙት የነበረውን ወፍራም ድምፅ ያወጣ ሰው ነው። በእርግጥ ይህም ማስታወቂያ ነበር። ሆኖም አድማጩ ስሕተቱን እንዲፈልግ ተጋብዟል።

ቀጥሎ የመጣው ነገር መሐንዲሱን የሚያሳፍር ነው። በ1960ዎቹ ትራንዚስተር የቫኩዩም ቱቦን መተካት ጀመረ። አዲሶቹ አምፕሊፋየሮች ቀላል፣ ቀዝቃዛና ርካሽ ነበሩ፤ በወረቀት ላይ የሰፈረው መዛባታቸውም ከአሮጌዎቹ ያነሰ ነበር። በጥሞና የሚሰሙ ሰዎች ግን «ይሻክራል፤ ጆሮ ያደክማል» አሉ። ብዙ መሐንዲሶች የሰጡት መልስ ቁጥሩን ማሳየት ነበር። በኋላ እንደ ታየው እውነቱ ከአድማጮቹ ጋር ነበር። በእነዚያ ንድፎች ሁለት ትራንዚስተሮች ሥራውን ሲቀባበሉ፣ አንዱ ሳይነሳ ሌላው የሚያርፍባት ቅጽበት ነበረች። ስሕተቷ በመጠን የማትለወጥ ትንሽ ነገር ስለ ሆነች በሙሉ ኃይል ሲለካ ከድምፁ ብዛት የተነሳ ትጠፋለች፤ ሰው በቤቱ በዝግታ ሲሰማ ግን ከሙዚቃው አንጻር ገዝፋ ትወጣለች። መሐንዲሱ የለካው ማንም በማይሰማበት ኃይል ነበር ማለት ነው። በ1970 ደግሞ ፊንላንዳዊው ማቲ ኦታላ ሌላ ጉድለት አሳየ። ፊድባክ የበዛበት ዘገምተኛ አምፕሊፋየር ድንገተኛ ድምፅ ሲገጥመው ለቅጽበት ይታወካል፤ የተለመደው የማያቋርጥ ወጥ ድምፅ መለኪያ ደግሞ ይህን አያይም። ቁጥርን ብቻ አንብቦ ስለ ድምፅ የሚፈርድ ሰው፣ ዋጋን ብቻ አንብቦ ከሚፈርደው ሰው በምን ይሻላል?

ከዚህ ድል የተነሳ ግን ሌላ በሽታ ተወለደ። ጄ. ጎርደን ሆልት በ1962 «ስቴሪዮፋይል» የተባለውን መጽሔት የመሠረተው፣ መሣሪያ በመለኪያ ብቻ ሳይሆን በጆሮም ይመርመር ብሎ ነው። የሚሰማውን የሚገልጹ ቃላትንም ሰብስቦ ትርጉም ሰጣቸው። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ቃላቱ በሌሎች እጅ ገብተው እንደ ልብ መራባት ጀመሩ። አንድ ሰው «መድረኩ ሰፋ፤ አየሩ ጠራ» ብሎ ሲጽፍ ሌላው ይህን አልሰማሁም ለማለት አይደፍርም፤ አልሰማሁም ማለት ጆሮ የለኝም ማለት ይሆንበታልና። በዚህ ዓይነት ቃሉ ከመስማት ይቀድማል፤ አዋቂነትም ካውያ ከመያዝና ከመሥራት ተላቅቆ ወደ መግዛትና ወደ መናገር ተዛወረ።

የገመድን ነገር እንውሰድ፤ ስሌቱ ለማኅበራችን አባላት ቀላል ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የስፒከር ገመድ ራሱን የቻለ የንግድ ዘርፍ ሆነ። አንድ 5 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 0.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን የመዳብ ገመድ ደርሶ መልሱ 0.35 ኦም ያህል ነው። 8 ኦም በሆነ ስፒከር ላይ የሚያስከትለው መቀነስ ወደ 0.4 ዴሲቤል ይጠጋል፤ የስፒከሩ ኦም በፍሪኩዌንሲ ስለሚለዋወጥም የድምፁን ቅርጽ በጥቂቱ ይለውጣል። ስለዚህ «ገመድ ለውጥ የለውም» ያለ ሁሉ ትክክል አልነበረም። ገመዱ ወደ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሲወፍር ግን ጉዳቱ ከ0.1 ዴሲቤል በታች ይወርዳል፤ ይህ ደግሞ ከማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር በሜትር የሚሸጥ ገመድ ነው። ከዚያ በላይ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣው ገመድ የሚያመጣውን የኤሌክትሪክ ልዩነት ማሳየት የሻጩ ዕዳ ነበር። ሻጩ ግን ዕዳውን በገዢው ጆሮ ላይ ጫነው። በ1990 አካባቢ ደግሞ የሲዲን ጠርዝ በአረንጓዴ ቀለም መቀባት ድምፁን ያሻሽላል የሚል ወሬ ተነሥቶ ቀለሙ ሳይቀር ተሽጧል።

ይህን ድንግዝግዝ የሚገፍ ዘዴ ግን ቀድሞም ነበር። የቤል ላቦራቶሪው መንሰን ከማርክ ጋርድነር ጋር በ1950 ያወጣው ዘዴ ነው። አድማጩ «ኤ»ንና «ቢ»ን ይሰማል፤ ቀጥሎ ከሁለቱ አንዱ የሆነውን «ኤክስ»ን ይሰማና የትኛው እንደ ሆነ ይናገራል። የመሣሪያው ስም የተሸፈነ ነው። ከ16 ሙከራዎች 12ቱን የመታ ሰው በግምት ብቻ ይህን ያህል የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 4 አይሞላም፤ ስለዚህ በእርግጥ ይሰማል ብለን እንቀበለዋለን። 8ቱን ብቻ የመታ ሰው ሳንቲም ከመወርወር አልተሻለም።

ይህን ዘዴ ወደ ሃይ ፋይ ያገቡት ታላላቅ ኩባንያዎች አለመሆናቸው ሊታወስ ይገባል። በዲትሮይት አካባቢ የሚገኙ አማተሮች «የደቡብ ምሥራቅ ሚቺጋን የቩፈርና የትዊተር ሰልፈኞች ማኅበር» የሚል የቀልድ ስም ያለው ክበብ ነበራቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ መሣሪያዎችን ስማቸውን ሸፍኖ የሚቀያይር ሣጥን ሠሩ፤ ከመካከላቸው ዴቪድ ክላርክ በ1982 ዘዴውን በኦዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት አሳተመ። ያደረጉት ነገር ሁሉ የትርፍ ጊዜ ወዳጅ ሥራ ነው። ማንንም ለማዋረድ አላሰቡም፤ የራሳቸውን ጆሮ ለማወቅ ፈልገው ነበር።

በተሸፈነ ፈተና የተቀመጡ ታዋቂ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። ፒተር ዎከር በ1978 የኩባንያውን ሦስት አምፕሊፋየሮች፣ አንዱ የ1950ዎቹ ባለ ቱቦ ሁለቱ ባለ ትራንዚስተር የሆኑትን፣ ተቺዎች ባሉበት ጓድ ፊት አቀረበ፤ መልሱ ከግምት አልተለየም። በ1984 ደግሞ የግላስጎው ሊን ኩባንያ መሥራች አይቮር ቲፈንብሩን፣ ዲጂታል መሣሪያ ሙዚቃን ያበላሻል በሚል ጽኑ አቋሙ የታወቀው ሰው፣ በካናዳዊው ምሁር በስታንሊ ሊፕሺትዝ ፊት ለፈተና ተቀመጠ። ከሸክላ ማጫወቻው የሚወጣው ድምፅ ወደ ዲጂታል ተለውጦ እንደገና ሲመለስ ይለየዋል ወይ የሚል ነበር ጥያቄው። አልለየውም።

እዚህ ላይ ፍርዱን ማስቸኮል አያስፈልግም። ይኸው ሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሁሉም ስፒከር ብቻ ይወስናል ሲል፣ የሸክላ ማጫወቻው ራሱ፣ የሚሽከረከረው ሳህንና መሸከሚያው፣ ድምፁን እንደሚወስን ተናግሮ በ1973 ባወጣው መሣሪያ አሳይቷል። በዚያ ነገር ትክክል ነበር። ደግሞም ለፈተና ተቀምጧል፤ ብዙዎቹ ግን እስከ ዛሬ አልተቀመጡም። ኩባንያውም በ2009 የሲዲ ማጫወቻ መሥራቱን ሲያቆም የተዛወረው ከኮምፒዩተር በኔትወርክ ወደሚያጫውቱ ዲጂታል መሣሪያዎች ነው።

በ1985 ቦብ ካርቨር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የስቴሪዮፋይልን ሰዎች ተገዳደረ። የፈለጋችሁትን ውድ አምፕሊፋየር አምጡ፤ ርካሹን የእኔን በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲመስለው አደርጋለሁ አለ። በሳንታ ፌ አንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሁለቱን አምፕሊፋየሮች ውጤት አንዱን ከሌላው እየቀነሰ፣ የተረፈውን ድምፅ እየሰማ፣ የራሱን ያስተካክል ጀመር። ልዩነቱን 70 ዴሲቤል ያህል ሲያወርደው፣ ይኸውም ከ3,000 እጅ አንድ እጅ ሲያደርሰው፣ አድማጮቹ መለየት አቃታቸው። መጽሔቱም ይህን አምኖ አተመው። ከዚህ ታሪክ እኔ የምወደው ግን ቀድሞ የሆነውን ነው። ልዩነቱ ገና ሳይጠብ አድማጮቹ መሣሪያዎቹን ይለዩ ነበር፤ ካርቨርም ስሕተቱን የሚያገኘው እነሱ በሚነግሩት ምልክት ጭምር ነበር። ጆሮአቸው እውነተኛ ነበር፤ ወሰን ግን ነበረው።

የተሸፈነ ፈተና ደካማ ጎን እንዳለውም መሸሸግ አይገባም። በአንድ ከሰዓት በኋላ በጥቂት ሰዎች የተደረገ ሙከራ ልዩነት አለመገኘቱን እንጂ ልዩነት አለመኖሩን አያረጋግጥም። ይህን የሚያነሡ ተቺዎች ትክክል ናቸው። ግን መፍትሔው ፈተናውን ማሻሻል እንጂ መሸሽ አይደለም።

ይህን ማሻሻል የሥራው ሁሉ ማዕከል ያደረገው ፍሎይድ ቱል ነው። በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሳለ፣ በ1985 እና በ1986 ባወጣቸው ጥናቶች፣ ስም ተሸፍኖ ሲሰሙ የአድማጮች ምርጫ ከተጠበቀው በላይ እንደሚስማማ አሳየ፤ የሚመረጡትም ስፒከሮች በፊት ለፊትም በጎንም የፍሪኩዌንሲ መስመራቸው ለስላሳና ቀጥ ያለ ነበር። «ጣዕም ነው፤ አይከራከሩበትም» ይባል የነበረው ነገር ለመለኪያ ተገዛ ማለት ነው። በ1994 ቱልና ሾን ኦሊቭ የሚሠሩበትን የሃርማን ኩባንያ 40 ሠራተኞች አራት ስፒከሮችን አንዴ እያዩ፣ አንዴ ተሸፍኖባቸው እንዲሰሙ አደረጉ። እያዩ ሲሰሙ ትልልቆቹንና የኩባንያቸውን ስም የያዙትን አበለጡ፤ ሲሸፈን ልዩነቱ ጠበበ፤ ትንሹና ርካሹም ከፍ አለ። በጨረታ ኮሚቴ ተቀምጦ የአምራቹ ስም ከሰነዱ በፊት ሲያናግረው የተሰማው የሙያ ባልደረባ ይህ ውጤት አያስደንቀውም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚገባው የኦሊቭ የ2003 ጥናት ነው። 268 አድማጮች ተካፍለዋል፤ ሥልጠና የወሰዱ፣ የመሣሪያ ነጋዴዎች፣ የመጽሔት ተቺዎች፣ የሽያጭ ሠራተኞችና ተማሪዎች። የሠለጠኑት ፍርዳቸው ከሁሉ የጸና፣ ስፒከር ከስፒከር የመለየት ችሎታቸውም ከሁሉ የበለጠ ሆነ። ተቺዎቹ ከተማሪዎቹ ቢሻሉም ከነጋዴዎቹ አንሰው ተገኙ። የሁሉም ቡድኖች ምርጫ ቅደም ተከተል ግን በጥቅሉ አንድ ዓይነት ነበር። እንግዲህ የሠለጠነ ጆሮ የሚወደው ተራው ሰው የሚወደውን ነው። የሚበልጠው የወደደበትን ምክንያት ለይቶ በመናገሩና ነገም ያንኑ በመድገሙ ነው። ተራ ሰው ፈጽሞ ሊደርስበት የማይችል ምስጢራዊ ጣዕም አለኝ የሚል አዋቂ በዚህ ጥናት ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ሥልጠናውም ተጨባጭ ነው። አድማጩ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የትኛው የፍሪኩዌንሲ ክፍል ከፍ ወይም ዝቅ እንደ ተደረገ ይጠየቃል፤ ሲሳሳት ይነገረዋል፤ ሲመታ ጥያቄው ይከብዳል። ኤም ፒ 3 በሚባል ስም የሚታወቀው ድምፅ ማጨቂያ ዘዴ በጀርመን ሲሠራም የሥራው ከባድ ክፍል ማዳመጥ ነበር። ካርልሃይንስ ብራንደንበርግ ሱዛን ቬጋ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ የዘፈነችውን አንድ ዘፈን እጅግ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ሰምቷል፤ ብቻውን የቆመ የሰው ድምፅ የማጨቂያውን ጉድለት የሚያጋልጥ ሆኖ አግኝቶታልና። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለእንዲህ ያለ ምዘና በ1994 ያወጣው ደንብ አንድ ብልህ ነገር አለበት። ለአድማጩ ከሚቀርቡት ሁለት ድምፆች አንዱ ያልተነካው ዋናው ቅጂ ራሱ ነው፤ የትኛው እንደ ሆነ ግን አይነገረውም። ዋናውን «ተበላሽቷል» ብሎ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠ አድማጭ የመዘነው ራሱን ነው።

ጎርደን ሆልት በ2007፣ ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በመሠረተው መጽሔት ላይ በታተመ ቃለ መጠይቅ የሃይ ፋይ ዓለም መታመኑን ያጣው በ1980ዎቹ የተሸፈነ ፈተናን የመሰለውን የሐቀኝነት መቆጣጠሪያ አልቀበልም ስላለ ነው ሲል ተናግሯል። በጆሮ መፍረድን ያስተማረው ሰው ይህን ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። ኪሳራው የገዢው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። እንደ 1960ዎቹ ያለ እውነተኛ ጉድለት ዛሬ ቢፈጠርና ጆሮ ያለው ሰው ቢናገር፣ ድምፁ ስለ አረንጓዴ ቀለም ከሚናገረው ጋር ተቀላቅሎ አይሰማም። መሐንዲሱም ሁለቱን በአንድነት ያባርራቸዋል።

የሸክላ ሰብሳቢዎች ጉዳይ ይህን በቅርቡ እንደገና አሳይቷል። ሸክላ መሰብሰብ በእርግጥ ዕውቀት ያለበት ነገር ነው። በሸክላው የድምፅ መስመሮች መጨረሻና በመለጠፊያው መካከል ባለው ባዶ ቦታ የተጫሩትን ፊደላትና ቁጥሮች አንብቦ የትኛው ቅጂ ከየትኛው ማተሚያ እንደ ወጣ የሚናገር ሰው አዋቂ ነው። የእኛን የ1960ዎቹ መጨረሻና የ1970ዎቹ ትንንሽ ሸክላዎች በውጭ አገር በውድ የሚገዙት ሰብሳቢዎችም እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከብዙዎቻችን ይበልጥ ያውቃሉ። ነገር ግን የታተመበትን መለየትና ድምፁን መለየት ሁለት ልዩ ልዩ ዕውቀቶች ናቸው።

በ1977 የተቋቋመው ሞባይል ፊደሊቲ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የቆዩ ቀረጻዎችን ከዋናው ቴፕ ላይ በጥራት እያተመ በመሸጥ ስም ያተረፈ ነው። «ዋን ስቴፕ» የተባሉት ምርጦቹ አንዳንዶቹ እስከ 125 ዶላር ይሸጡ ነበር። ዲጂታል ድምፅ ሕይወት የለውም የሚሉ የአናሎግ ወዳጆች እነዚህን ሸክላዎች ለዓመታት አሞግሰዋቸዋል፤ የሙቀታቸውንም ምክንያት ከቴፕ ወደ ሸክላ ያለ ዲጂታል መሄዳቸው ነው ሲሉ ገልጸዋል። በሐምሌ 2022 በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ ያለ አንድ የሸክላ መደብር ባለቤት፣ ኩባንያው በሥራው መሐል ዲጂታል ቅጂ እንደሚጠቀም የሰማውን በይፋ ተናገረ። የኩባንያው መሐንዲሶችም ወደ ካሊፎርኒያ ጠርተው ሲያነጋግሩት ነገሩን አመኑ። ዲጂታሉ ከ2011 ጀምሮ በብዙዎቹ ሸክላዎች ውስጥ ነበረ።

በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ታዋቂ ጆሮ በመስማት ብቻ ይህን ደርሶበት በይፋ አላሳወቀም። ወሬው የወጣው ከሰው አፍ ነው። አንዳንድ ገዢዎች ሸክላቸውን ሸጡ፤ አንዳንዶቹ ድሮም ጠርጥረን ነበር አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ድምፁ ጥሩ እስከ ሆነ ድረስ ግድ የለንም ብለው ማድመጣቸውን ቀጠሉ። ገዢዎች በፍርድ ቤት ከሰው ጉዳዩ በ25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ፤ ክሱም የድምፁን ጥራት ሳይሆን ስለ አሠራሩ ያልተነገረውን እውነት የሚመለከት ነበር። ኩባንያው ከዚያ ወዲህ በየሸክላው ሥራ ውስጥ የትኛው ደረጃ በቴፕ፣ የትኛው በዲጂታል እንደ ተሠራ እየዘረዘረ ይገልጻል። ሸክላዎቹም እየተሸጡ ነው።